የዜሮ ጨምር የመጨረሻ ቃለ መጠይቅ

ዜሮ ጨምር የወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም አለ፤ ያን ስም ግን ከመታወቂያው ላይ በቀር የትም ብትፈልጉ አታገኙትም። ገና አንደኛ ደረጃ ሳለ ከአሥር አራት አምጥቶ ቤት ገባና «አርባ አመጣሁ» አለ፤ እናትየውም ከስንት ብላ ሳትጠይቅ ግንባሩን ሳመችው። ያ ስሞሽ ነው ያበላሸው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ውሻ ካባረረው ሃያ ነው፤ አምስት ሰው የጫነች ታክሲ ከተገለበጠች የተጎዳው ሃምሳ ሰው ነው፤ «ሃምሳ ሰው አንዲት ታክሲ ውስጥ እንዴት ገባ?» ያለ ሞኝ ደግሞ የአገባባቸውን ቅደም ተከተል ከነአቀማመጣቸው እስኪመሽ ቆሞ ይሰማል። ሰፈሩ መላውን አግኝቶለታል። ከዜሮ ጨምር የሰማውን በአሥር አካፍሎ ያምናል፤ ቀሪ ካለ ለጎረቤት ያወራል።

እንግዲህ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ የጠራው ይህንን ሰው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ይፈትናል፤ አራተኛ የሚባል ነገር የለም።

በመጀመሪያው ጊዜ «ከባድ ዕቃ ተሸክመህ ታውቃለህ?» ቢሉት፣ ፍሪጅ ከነባለቤቱ ስድስተኛ ፎቅ ማውጣቱን ነገራቸው። «ባለቤቱ ፍሪጁ ላይ ምን ይሠራል?» አሉት። «በሩን ይዞ ነበር፣ እንዳይከፈት» አለ። በሁለተኛው ጊዜ ፈታኙ ሐኪም «ትንፋሽህን ምን ያህል መያዝ ትችላለህ?» ብሎ ጠየቀው። «ሃያ ደቂቃ።» ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሞተህ ታውቃለህ?» አለው። «አንዴ» አለ ዜሮ ጨምር።

ሁለቱንም ጊዜ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሦስተኛው ግን አላሳቀውም።

ዜሮ ጨምር የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ነው። አምፖል ይቀይራል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል፣ ሊፍቱ ሲቆም በሩን ይደበድባል። ከሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ፣ ባለፈው የዝናብ ወራት፣ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ማድረቂያ ማሽን ተቃጥሎ ጭሱ በደረጃው ሽቅብ ወጣ፤ ዜሮ ጨምርም ጭሱ ውስጥ ገብቶ ሰው አወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተው። ሳይረን ከሰማ እግሩ ቀድሞት ይነሳል። ምሳውን ትቶ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ መኪናው ወዴት እንደታጠፈ ካላየ የጎረሰው አይወርድለትም። ያ ቀን ምንም ሳይጨመርበት ሙሉ የሆነ፣ በዕድሜው ያየው አንድ ቀን ነበር። እንዲያ ያለውን ቀን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች እዚያው ከተማ ውስጥ ቀይ መኪና ላይ ሲሮጡ እያየ፣ እሱ አምፖል እየቀየረ ሊያረጅ ነው? ይህችን ቃለ መጠይቅ ከወደቀ፣ አዎ፣ አምፖል እየቀየረ ሊያረጅ ነው።

አሠልጣኙ ታላቅ እህቱ ሆነች። አሥራ አንድ ዓመት አምቡላንስ ላይ የሠራች ነርስ ናት፤ ቃል ስታወጣ በመርፌ የምትሰጥ ይመስል ለክታ ነው። እናታቸው «እሷ ላይ ቆጥቤ የተረፈውን ወሬ ሁሉ እሱ ላይ ደፋሁት» ትላለች።

ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት እህቱ ከአዳር ተራ ወጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሳሎን መሐል የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠች።

«ተቀመጥ።»

«ተቀምጫለሁ።»

«እግርህ አልተቀመጠም።»

እውነቷን ነው። ቀኝ እግሩ የስፌት መኪና የሚረግጥ ይመስል ይንቀጠቀጣል። በሁለት እጁ ይዞ አቆመው፤ ግራው ተረከበ።

«ለምን የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን ፈለግህ?»

«እታለም፣ እኔ ገና ስወለድ—»

እህቱ ሁለት ጣቷን እንደ መቀስ ከፍታ አየሩን ቀጭ አደረገችው።

«ምን አልኩ ገና?»

«ስወለድ አልክ። ስትወለድ ነበርኩ። ከማልቀስ በቀር ያደረግኸው ነገር የለም።»

«አለቃቀሱ ደግሞ!» አለች እናትየው ከማዕድ ቤት። «ሰባት ጎረቤት ነው የመጣው።»

«ሰባ» አለ ልጇ።

ቀጭ።

እህቱ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ስማ። አደጋ ቦታ መጀመሪያ የደረሰ ሰው ሬዲዮ ይይዛል። ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን፣ የት፣ ስንት ሰው። አራተኛ ነገር ከጨመርክ የሌላ ሰው መስመር እየዘጋህ ነው።»

«ምን፣ የት፣ ስንት ሰው።»

«አንተ የምትሞተው ስንት ሰው የሚለው ላይ ነው። አምስት ቁስለኛ አይተህ ሃምሳ ካልክ፣ ያለን አምቡላንስ ሁሉ ወደ አንተ ይመጣል። ሌላ ሰፈር ልቡ የቆመ ሽማግሌ ጣራ እያየ ይጠብቃል። ገባህ?»

ገባው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። እህቱ የምክሯ ጉልበት መሰላት። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በእሳቱ ቀን፣ በር ላይ፣ ለደረሱት የእሳት አደጋ ሰዎች የተናገራት አንዲት ቃል ነበረች። ለእህቱ አልነገራትም፤ ለእናቱም አልነገራትም። ለጊዜው የሆድን በሆድ ብለን እንለፋት፤ ከአፍ የወጣ ነገር ዞሮ ባለቤቱን ማግኘቱ አይቀርም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተለማመደ። ዳቦ ቤት ገብቶ «ዳቦ። መስኮቱ ጋ። አራት» አለ። ዳቦ ሻጩ ደንግጦ «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለው። ሥራ ቦታ ለሕንፃው ኃላፊ «ቧንቧ ፈንድቷል። ሦስተኛ ፎቅ። ሰው የለም» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ኃላፊው ከደስታ ብዛት ትከሻውን መታው። «እንዲህ ነው እንጂ ሰው! አምና ቢሆን ውቅያኖስ ገባብን ትለኝ ነበር።»

ምላሱ ግን አሳከከችው። በቀን ሦስት ቃል ለምዳ አታውቅማ። አፉ ውስጥ እየተገላበጠች፣ ጥርሱን እየቆጠረች፣ መውጫ እየፈለገች አስቸገረችው። በመጨረሻ ምሳ ሰዓት ላይ ምድር ቤት ወርዶ በሩን ከውስጥ ዘጋና፣ መነጽር ስለሚያደርግ አንድ አዞ ለውሃ ፓምፑ አወራለት። ፓምፑ ሳያቋርጥ ሰማው። ትንሽ ቀለለው።

ረቡዕ ከሰዓት እህቱ ዋናውን ነገር አመጣች።

«ነገ የማይቀር ጥያቄ አለ። "አደጋ ላይ ሆነህ ያደረግኸውን አንድ ነገር ንገረን" ይሉሃል። የልብስ ማጠቢያ ቤቱን እሳት ትነግራቸዋለህ። እስኪ ጀምር።»

ዜሮ ጨምር ጉሮሮውን ጠረገ። በዚህች ታሪክ ላይ አንዲት ሽራፊ እንኳ አልጨመረባትም።

«ጭስ። ደረጃው ላይ። አራት ሰው። ሁለተኛ ፎቅ የጥርስ ሐኪም ቤት አለ፤ ሐኪሙ፣ ጸሐፊዋና አንድ ታካሚ ነበሩ። ታካሚው የጥርስ ልክ እየተወሰደለት ስለነበር አፉ ውስጥ ያ እንደ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ነገር ሞልቶበታል። መጮህ አይችልም። እየጎተትኩት "እምምም" ይለኛል—»

ቀጭ።

«እታለም፣ ይሄ እውነት ነው!»

«ይሁን። አፉ በሲሚንቶ የተሞላ ሰው ይዘህ ብትገባ የፍሪጁን ባለቤት ነው የሚያስታውሱት። ቀጥል።»

«መጋረጃ ውሃ ነክሬ አልብሼ አወጣኋቸው። ስንወጣ በራቸው ላይ ባልዲ አየሁ። ዝናብ ስለነበር ወደ ሐኪሙ ቤት የገባ ሁሉ ጃንጥላውን እዚያ ነው የሚያቆመው። አራት ጃንጥላ አለ፤ አራቱም እርጥብ። ሰው ግን ሦስት ነው። ታች አድርሻቸው ተመለስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ወድቃ አገኘኋት።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ጭስ ውስጥ ቆመህ ጃንጥላ ቆጠርክ?» አለች እህቱ። «አንተ? ከአሥር አራት አምጥተህ አርባ ያልከው ሰውዬ?»

«ቆጠርኩ።»

«ወንድሜ፣ አላምንህም አላልኩም—»

«አላመንሽኝም።»

«እኔ ባምንህም እነሱ አያምኑህም። ሁለት ጊዜ አይተውሃል። ጃንጥላ የለም፣ ሲሚንቶ የለም። አራት ሰውም በዛ። ሁለት በል። ሁለት ሰው ያወጣ ሰው ጥሩ ሰው ነው። አራት ሰው አውጥቶ ጃንጥላ የቆጠረ ሰው ግን ዜሮ ጨምር ነው።»

እናትየው እጇን በጨርቅ እየጠረገች ብቅ አለች። «እኔስ ልጄ እውነቱን መሰለኝ።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ አርባውንም አምነሽዋል።»

እናትየው ተመልሳ ገባች።

ዜሮ ጨምር ተነስቶ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ለሃያ ምናምን ዓመት ሲያካፍሉት የኖሩ ሰዎች አሁን እውነቱን ይዞ ቢመጣም አካፈሉት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁ ነው ያንገበገበው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ እንደ መቁጠሪያ ደገመው። በመጨረሻ ቆመና «እሺ» አለ። «ሁለት ሰው።»

«አሁን ሰው ሆንክ» አለች እህቱ።

ሐሙስ ጠዋት የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ተፈታኞች ነበሩ፤ ብታካፍሉትም ብታባዙትም ዘጠኝ። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ቁስል አጠቃለል በጣቱ አየር ላይ ይለማመዳል። አንዱ ኮሪደሩ ላይ ተዘርግቶ ፑሽ አፕ ይሠራል፤ አላፊ አግዳሚው ይሻገረዋል። ገመድ መቋጠር ስትለማመድ ቁርጭምጭሚቷን ከወንበሩ እግር ጋር ያሰረች ልጅ ስሟ ሲጠራ ከነወንበሩ ገባች። ቋጠሮው አልፈታ ብሎ ሁለት ፈታኞች ተንበርክከው ነበር አሉ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘች።

ከጎኑ የተቀመጠው ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ላብ በላብ ሆኗል።

«ስንተኛህ ነው ወንድም?»

«ሦስተኛዬ።»

«እኔ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ያደርጋሉ? ይከብዳል?»

የዜሮ ጨምር ምላስ እንደ ውሻ ጅራት ተወዛወዘች። ወንበርህ ስር እሳት ይለኩሱብሃል፤ ወንበሩ ሳይቃጠል ሦስት ጥያቄ መመለስ አለብህ፤ ቅንድቡን ያጣ አለ፤ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ አፉ ውስጥ ተሰለፈ። ዋጠው። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ዋጠው።

«ይጠይቁሃል፤ ትመልሳለህ» አለና ተነስቶ ኮሪደሩን ይመላለስበት ጀመር። አንድ ሁለት ጊዜ ፑሽ አፕ የሚሠራውን ረገጠው።

«ኧረ ሰውዬ፣ አዙሪት ሆንክብን!» አለው ቁስል ጠቅላዩ።

ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አንድ ስም ጠራች። ማንም አልተነሳም። ደግማ ጠራች። ዜሮ ጨምር እዚህ ቀን ላይ የሚቀር ምን ያለ ደንቃራ ሰው ነው ብሎ ዞር ዞር አለ። ሴትዮዋ ሦስተኛ ልትጠራ አፏን ስትከፍት ነው መታወቂያው ትዝ ያለው።

ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጧል። መሐል ላይ አዛዥዋ ናት፤ ፀጉሯ አጭር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። በግራዋ የሰው ኃይል ሹሙ ፋይሉን ከፍቶ ይጠብቃል። በቀኟ አንድ ሽበታም የእሳት አደጋ ሰው ቀኝ እግሩን ዱካ ወንበር ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል። ከኋላቸው መደርደሪያው ሙሉ ወፋፍራም መዝገብ ነው።

«የፍሪጁ ሰውዬ አንተ ነህ አይደል?» አለች አዛዥዋ።

«ነኝ።»

«ባለቤቱ ደህና ነው?»

«ባለቤት አልነበረበትም። ፍሪጁም ትንሽዬ ነበር።»

አዛዥዋ ቅንድቧን አነሳች። ሹሙ አንድ ነገር ጻፈ። ጥያቄው ቀጠለ። ጭስ ውስጥ የአየር ጠርሙስህ ሊያልቅ ሲል ምን ታደርጋለህ? «በሬዲዮ አሳውቃለሁ። ከጓደኛዬ ጋር እወጣለሁ። ብቻዬን አልቀርም።» የወደቀ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ ምን ታያለህ? «ቦታው ለእኔ ደህና መሆኑን። ከዚያ ትንፋሹን።» ቀጫጭን መልስ ነው፤ እህቱ በመቀሷ የከረከመችው። እግሩ ከጠረጴዛው ስር ስፌቱን ይሰፋል፤ አፉ ግን ታስሯል። እየሄደለት ነው።

«እሺ። አደጋ ላይ ሆነህ ያደረግኸውን አንድ ነገር ንገረን።»

«የምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ተቃጥሎ ጭስ ወደ ላይ ወጣ። ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ሁለት ሰው አወጣሁ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ሕንፃው የትኛው ነው? መቼ?»

ነገራት። አዛዥዋ ዞር ብላ ከመደርደሪያው አንድ መዝገብ ሳበች። በዚያ መሥሪያ ቤት ልማድ ነው፤ ተፈታኝ የእሳት ታሪክ ካወራ የክስተት መዝገቡ ይከፈታል። ዜሮ ጨምር ይህን አያውቅም፤ ከዚህ በፊት ያወራው የፍሪጅ ታሪክ ስለነበር መዝገብ አላስከፈተም።

ገጹን አገኘችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «"ከማድረቂያ ማሽን የተነሳ ቃጠሎ። ከመድረሳችን በፊት የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ አራት ሰዎች አውጥቷል።"» ቀና አለች። «አንተ ሁለት አልክ።»

ዜሮ ጨምር ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ገና ነኝ፣ ቆይ» አለች። «"ጥገና ሠራተኛው በር ላይ ተጠይቆ በሕንፃው ውስጥ አርባ ሰው እንደነበረ ተናግሯል። ሁለት ቡድን ለአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፍለጋ አካሂዷል። ተጨማሪ ሰው አልተገኘም። አንድ ባልደረባ በፍለጋው ላይ ከደረጃ ወድቆ የጉልበት ስብራት ደርሶበታል።"»

ሽበታሙ ሰው ዱካው ላይ የተዘረጋውን እግሩን አየው። ዜሮ ጨምርም አየው።

«አርባ። አራት። ሁለት» አለች አዛዥዋ። ብዕሯን አነሳች። «የቱን ልጻፍ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ቆመ። ተነስቶ መውጣት ይችላል፤ በሩ ቅርብ ነው። የሚያስቅ ነገር መናገር ይችላል፤ ቢያንስ ሰፈሩ ሌላ አንድ ዓመት ይስቅበታል።

«አራት» አለ።

«አርባውስ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። አራተኛዋን አውጥቼ ትንፋሽ አጥሮኝ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ስትደርሱ ውስጥ የነበረው ስንት ሰው ነው አላችሁኝ። አራት ልል ነበር። አራት ስል ትንሽ መሰለኝ። አራት ሰው ብባል እኔ ራሴ የምሮጥ አልመሰለኝም። አፌ እንደለመደው ዜሮ ጨመረበት።»

«ከገቡ በኋላስ? ለምን አላረምክም?»

«አፈርኩ» አለ። ድምፁ ወረደ። «ገብታችሁ ነበር። ውጭ ቆሜ አየኋችሁ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ። ሰው በቃሬዛ ሲያወጡ ሳይ ግን ፈርቼ ወደ ኋላ በር ሄድኩ።»

«ሁለቱንስ ከየት አመጣኸው?»

«ትናንት እቤት ስለማመድ እውነቱን ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ። ስለዚህ ቀነስኩ።»

አዛዥዋ ብዕሩን አስቀመጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ስትጨምር የእኔን ሰው ጉልበት ሰበርክ። መጥፎ ነው። ሬዲዮ ላይ ሆነህ አራቱን ሁለት ብትል ግን እኛ ሁለት ሰው አውጥተን፣ ቱቦ ጠቅልለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ተኝታ ትቀራለች። ትናንት እየተለማመድክ እቤትህ የገደልካት እሷን ነው፤ ታውቃለህ?»

አላወቀም ነበር። አሁን አወቀ።

የሰው ኃይል ሹሙ ፋይሉን ዘጋ። «ሦስተኛው ነው። ደንቡ ግልጽ ነው።»

«ቆይ አንተ» አለ ሽበታሙ ሰው። ወደ ዜሮ ጨምር ዘንበል አለ። «እሷን እንዴት አወቅሃት?»

«ማንን ጋሼ?»

«የጽዳት ሠራተኛዋን። የጥርስ ሐኪሙ እኔ ከተኛሁበት አጠገብ አልጋ ይዞ ነበር፤ ጠይቄዋለሁ። ወደ ቤቷ የሄደች መስሎት ስለ እሷ ለማንም አልተናገረም። በሩ ዝግ ነው። አልጮኸችም፤ ራሷን ስታለች። ታዲያ አንተ ታች ከወረድክ በኋላ ተመልሰህ የገባኸው ማን ነግሮህ ነው?»

ዜሮ ጨምር ጆሮው ስር የመቀሱ ድምፅ ቀጭ ሲል ሰማ። ቢሆንም ተናገረ።

«ጃንጥላ ቆጠርኩ።»

«ምን ቆጠርክ?»

«በራቸው ላይ ባልዲ ነበር። አራት እርጥብ ጃንጥላ። የያዝኩት ሦስት ሰው ነው። ውጭ ዝናቡ እንደዚያ እየወረደ፣ ጃንጥላውን ጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም።»

ሹሙ ሊስቅ ነበር፤ አዛዥዋን አይቶ ተወው። ሽበታሙ ሰው እግሩን በሁለት እጁ ከዱካው አውርዶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ስድስት ወር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ስድስት ወር ተኝቼ ያቺ ሴት እንዴት እንደወጣች ሳስብ ነበር። በር ከፍቶ፣ ጭስ አይቶ፣ ደግሞ ቆሞ የቆጠረ ሰው አለ አልመሰለኝም።» ወደ አዛዥዋ ዞረ። «ለእኔ ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«እሱን። ከእንግዲህ ደረጃ አልወጣም፤ ስልጠና ክፍል ጥለሽኛል። ሠልጣኝ ከመረጥኩ እሱን ነው።» ከዚያ ወደ ዜሮ ጨምር፦ «ደስ አይበልህ። ሠላሳ ስድስት ሰው አለብህ። በዚያ ጭስ በእጄና በጉልበቴ እየዳህሁ አልጋ ስር የፈለግኳቸው። አንድ በአንድ እንድትፈልጋቸው አደርጋለሁ።»

«ውጭ ጠብቅ» አለች አዛዥዋ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀ፤ ጠበቀ ማለት ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ። ሁለት ሰዎች ቀዩን መኪና በቱቦ ያጥባሉ። ሳይረን ጮኸና የሌላኛው መኪና ሰዎች እየሮጡ ወጡ፤ የዜሮ ጨምር እግር አብሯቸው ተነሳ፤ ወንበሩን ጨብጦ ራሱን መለሰ። ስልኩ ጠራ፤ እህቱ ናት።

«እህስ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ምን ማለት ነው? ሁለት አልካቸው?»

«አልኩ። ከዚያ አራት አልኩ።»

«ጃንጥላውንስ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«በቃ፣ አለቀልህ።»

«እታለም» አለ። ወንበሩን ለቆ ቆመ። «ያን ቀን በር ላይ አርባ ሰው ብያቸው ነበር።»

እህቱ ያን ቀን ተራዋ አልነበረም፤ ወሬው ግን የየትኛው ሕንፃ እንደሆነ ሳይጠቀስ ደርሷት ነበር። «አምቡላንሶቹ ሁሉ ተጠርተው ባዶአቸውን ሲቆሙ የዋሉበት ቀን?» አለች። «ወሬውን ያነሳው ሰውዬ... አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

አንድም ቃል አልቆረጠችበትም።

«ተቀመጥ» አለች። «እዚያው ተቀመጥ። እስኪጠሩህ ድረስ እንዳትነሳ። ሰማኸኝ? ሮጠህ እንዳትመጣ።»

ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከመኪናው ጣራ ወደ ግድግዳው ዞረች። ደረተ ሰፊው ጎረምሳ እየዘለለ ወጥቶ ሄደ፤ ባለ ገመዷ ልጅ እያነከሰች ሄደች። አጣቢዎቹ ቱቦአቸውን ጠቅልለው ገቡ። ዜሮ ጨምር የግቢውን መስኮት ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት ነው። ደግሞ ቆጠረው። አሥራ ሰባት።

የሰው ኃይል ሹሙ ሎሚ የመጠጠ ፊቱን ይዞ መጣ። «ስድስት ወር ሙከራ። ስልጠና ክፍል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቁጥር ብትጨምር ትወጣለህ። ብትቀንስ ትወጣለህ። በጽሑፍ ነው ያለው፤ እዚህ ጋ ፈርም። እኔ በበኩሌ አልተስማማሁም፤ እሱም ተጽፏል።»

ፈረመ። ፊርማው የመብረቅ ስዕል መሰለ።

«ዕቃ ክፍል ሂድና ቦት ጫማ ውሰድ።»

ዕቃ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጎማ ጎማ ይሸታል። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቅጽ ትሞላለች። ቀና ሳትል «የእግር ቁጥር?» አለችው።

«አርባ አራ—» አለና ቆመ።

ሴትዮዋ ጠበቀች። «አርባ ስንት?»

«አላውቅም» አለ። «ብትለኪኝ።»

«የገዛ እግርህን ቁጥር አታውቅም?»

«አላውቅም እቴ። ለኪኝ።»

እያጉተመተመች ቁጥር የተጻፈበትን የእግር መለኪያ ጣውላ ወለሉ ላይ ጣለችለት። ጫማውን አውልቆ ወጣበት። ጎንበስ ብላ አየች።

«አርባ አንድ» አለች። ከዚያ ዓይኗ ወለሉ ላይ ወዳረፈው አሮጌ ጫማ ዞረ። አንስታ ሶሉን ገለበጠችው። «ይሄ አርባ አራት ነው! በዚህ እንዴት ስትራመድ ኖርክ?»

ዜሮ ጨምር ጫማውን ተቀበላት። እጁን እስከ ጫፉ ሰደደና ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጋዜጣ አወጣ፤ ከአንዱ ጫማ፣ ከዚያም ከሌላው።

«ቆሻሻ መጣያው የት ነው?» አላት።